ለግራናይት የትኛው ዘይት? ከወራት አጠቃቀም በኋላ የታዘብኩት

ኩሽናችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ግራናይት አለ። ስቶቩ ያረፈበት ረጅሙ ነጣ ያለ ግራጫ ነው፣ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። መስኮቱ ሥር ያለው፣ ጀበናና ሲኒ የምናስቀምጥበት አጭሩ ደግሞ ጥቁር ነው። የተገጠሙት ክረምት ሳይገባ ነበር። ባለሙያዎቹ ሲያስረክቡን «በየጊዜው ዘይት ቀቡት፣ ይጠብቀዋል» ብለውን ሄዱ። የትኛውን ዘይት ብላችሁ ብትጠይቁ ግን አንዱ የምግብ ዘይት ይላችኋል፣ ሌላው ተልባ፣ ሌላው ከፋርማሲ የሚገዛ ፓራፊን። ነጭ ጋዝ የሚልም አይጠፋም። ስለዚህ ከመቁረጫው የተረፉትን ቁርጥራጮች ሰብስቤ፣ የኩሽናውንም ድንጋይ ከፋፍዬ ሁሉንም እየቀባሁ ስከታተል ቆየሁ።

የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር። ዘይት ግራናይትን ያሳምረዋል፤ ከእድፍ የሚጠብቀው ግን ሲለር ነው፤ የድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ውኃና ቅባት እንዳይመጠጥ የሚያደርግ ፈሳሽ ማለት ነው። ጥቁር ድንጋይ ላይ ፓራፊን መቀባት ደስ ብሎኝ የቀጠልኩበት ነገር ነው። ነጣ ያለ ድንጋይ ያለው ሰው ግን ምንም ዓይነት ዘይት እንዳያስነካው እመክራለሁ።

የኑግ ዘይት የተቀባው ቁራጭ መጀመሪያ ላይ ከሁሉም ያማረ ነበር። እየቆየ ጣት ላይ ይለጥፍ ጀመር፤ አቧራውም የጤፍ ዱቄቱም እላዩ ላይ ተሰብስቦ በሳሙና እንኳ አልለቅ አለ። ሽታውም ተለወጠ። የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው ይሻግታል፣ ኑግን የመሰለው ደግሞ በከፊል ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። የተልባ ዘይት ከዚህ ይሻላል፤ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ግን እየዋለ እያደረ ወደ ቢጫነት ይሄዳል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል እንደሚችልም እወቁ። ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር። ነጭ ጋዝን አልሞከርኩትም፤ ምግብ የሚነካው ቦታ ላይ ነዳጅ የሚቀባበት ምክንያት አይታየኝም።

ሊኩዊድ ፓራፊን የተለየ ነው። ከነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ የማዕድን ዘይት ስለሆነ አይሻግትም፣ አይደርቅም፣ ቀለምም ሽታም የለውም። ፋርማሲ የሚሸጠው ለመድኃኒትነት የተጣራ ስለሆነ ምግብ ቢነካው አያሰጋም። ቤቢ ኦይል የሚባለውም በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ሽቶ ስለሚጨመርበት ግን ለኩሽና አልመርጠውም። አቀባቡ ቀላል ነው። ንጹሕና ደረቅ ድንጋይ ላይ በስስ ጨርቅ ትንሽ ማሸት፣ ጥቂት ማቆየት፣ የተረፈውን፣ ሲዳሰስ ደረቅ እስኪሆን ድረስ መወልወል። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ውጤቱ ወዲያው ይታያል። የደበዘዘው ጥቁረት ይመለሳል፣ የሲኒ ቂጥ የጫራቸው ቀጫጭን መስመሮችም ይጠፋሉ። ቆይታው ግን አጭር ነው። በሳሙና በታጠበ ቁጥር እየሳሳ ሄዶ ሳምንታት ሳይቆጠሩ እንደገና ይጠይቃል። በበጋ አቧራ ይይዛል፣ የጣት አሻራም ያሳያል።

ነጣ ባለው ድንጋይ ላይ ከሲንኩ ወገን ያለውን ግማሽ ፓራፊን ቀባሁት፤ ከስቶቩ ወገን ያለውን ሲለር። የፓራፊኑ ወገን ጠቆረ፤ እሱም እኩል አልጠቆረም። አንዱ ቦታ ብዙ መጠጠ፣ አንዱ ምንም። ሲንኩ አፍ ላይ ሳሙናው ቶሎ ስላነሣው ድንጋዩ ዝንጉርጉር ሆነ። ግራናይት የሚመጠው ብዙ አይደለም፤ ኤኤስቲኤም የተባለው የአሜሪካ መስፈርት ለግንባታ ግራናይት የሚፈቅደው የውኃ መምጠጥ ከክብደቱ እስከ 0.40 በመቶ ነው። ይቺ ታህል ግን ለእድፍ ትበቃለች።

ዋናው ፈተና የእርድ ነው። የእርድ ቀለም ውኃ ውስጥ ብዙም አይሟሟም፣ ቅባት ውስጥ ግን ይሟሟል። የኛ ወጥ ደግሞ እርድና ንጥር ቅቤ አብረው የሚወርዱበት ነው። የአልጫ ጠብታ በሁለቱም ወገን ጥዬ አሳደርኩ። ጠዋት የሲለሩ ወገን ላይ ቅቤው እንደ ክብ ጠብታ ረግቶ ተቀምጧል፤ በፈሳሽ ሳሙና ሲጠረግ ምንም አልቀረም። የፓራፊኑ ወገን ላይ የሽሮ ቀለም ያለው ጥላ ቀረ፣ ጠርዙ የተበተነ። መስኮቱ የሚያመጣው ፀሐይ ቀስ በቀስ አነጣው፤ የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም። የቅቤው ጥቁረት ግን እዚያው ነው።

ሲለር ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። ውኃን ብቻ የሚከላከል አለ፣ ውኃንም ቅባትንም የሚከላከል አለ። ለኛ ኩሽና ሁለተኛው ነው የሚያስፈልገው። ቀለም የማይለውጥ መሆኑንም አረጋግጡ። ድንጋዩ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ። ከተቀባ በኋላ የላዩ ትርፍ ሳይደርቅ ካልተጠረገ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይቀራል። ሽታው ከባድ ስለሆነ መስኮትና በር ክፈቱ። ዋጋው ከፓራፊን ጋር አይወዳደርም፣ ግን ከተቀባ ጀምሮ እንደገና አልነካሁትም።

ጥቁር ድንጋይ ብዙ ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሲለር እምብዛም አይቀበልም። ለማወቅ ጥቂት ውኃ አፍስሱና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ሥሩ ከጠቆረ ድንጋዩ ውኃ ይመጥጣል፣ ካልጠቆረ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ድንጋዩን ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ጥቁሩን አሴቶን (የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው ፈሳሽ) በነካው ነጭ ጨርቅ እሹት፤ ጨርቁ ከጠቆረ ድንጋዩ ቀለም የተነከረ ነው። «ግራናይት» ተብሎ እምነበረድ የሚሸጥበትም ጊዜ አለ። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው የዳለቲ እምነበረድ ውብ ድንጋይ ነው፣ ሎሚ ግን ይበላዋል። የማይታይ ጠርዝ ላይ የሎሚ ጠብታ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩ። ከተጠረገ በኋላ ብርሃኑ የጠፋ ነጥብ ከቀረ እምነበረድ ነው፤ እሱን ከሎሚና ከኮምጣጤ ዘይትም ሲለርም አያድነውም።

አንድ ነገር በብርቱ አሳስባለሁ፦ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ሲለር አይጠጣም። ቀዳዳው ተሞልቷልና። ስለዚህ ውሳኔው መጀመሪያ ላይ ነው። አስቀድማችሁ ዘይት ቀብታችሁ ከሆነ ቤኪንግ ሶዳን በአሴቶን ለውሳችሁ እንደ ወፍራም ሊጥ ቀቡት፣ በፕላስቲክ ሸፍኑና 24 ሰዓት ያህል አቆዩት። ፕላስቲኩን አንሥታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ በእንጨት ማንኪያ ጠርጉት። እሳት አጠገቡ እንዳይኖር። ዘይቱ በአንዴ ላይወጣ ይችላል፤ የቁራጩን አንዱን ጫፍ ደጋግሜ ነው ያጸዳሁት። ውኃ ሲፈስበት እንደ ሌላው ድንጋይ እኩል ከጠቆረ በኋላ፣ ሲደርቅ ሲለሩን መቀባት ይቻላል።