የልብ ወለድ ረቂቅ ማስጻፍና ማስጠረዝ በደብረ ብርሃን

በእጄ ጽፌ የጨረስኩትን የመጀመሪያ ልብ ወለዴን ረቂቅ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች በአንዱ አስጽፌና አስጠርዤ ተረክቤያለሁ። የቤቱ ደንበኞች በአብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጠርዙ ተማሪዎች ናቸው፤ ልብ ወለድ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን የጥረዛው ጥራት ከጽሕፈቱ እጅግ ይበልጣል።

ባለቤቲቱ ሳልጠይቃቸው፣ ለረቂቅ የሚሻለው በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ፣ መስመሩን አራርቆና ሰፊ ህዳግ ትቶ ማተም እንደሆነ ነገሩኝ። ወረቀት በተወደደበት በዚህ ጊዜ ምክሩ ለገበያቸው ያሰቡበት መስሎኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ በሽቦ የተጠረዘው ረቂቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የሚቀመጥ፣ በየገጹም ለእርሳስ በቂ ቦታ ያለው ሆኖ ስላገኘሁት ለተጨማሪው ወጪ አልቆጨኝም።

ጽሕፈቱ ብዙ ይቀረዋል። ታሪኩ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር የሚፈጸም በመሆኑ የንጉሡ ስም በየምዕራፉ ይነሣል፤ የቤቱ ጸሐፊ ስሙን አንድ ቦታ በ«ሣ» እና በ«ሥ»፣ ሌላ ቦታ በ«ሳ» እና በ«ስ» ስለጻፈችው፣ ኮምፒውተሩም እነዚህን ሆሄያት የተለያዩ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ በአንድ ፍለጋ ሁሉንም አግኝቶ ማረም አይቻልም። የስሞችን አጻጻፍ በአንድ ገጽ ዘርዝሮ አስቀድሞ መስጠት ይህን ችግር ያስቀራል። ሌላው ጉድለት ፋይሉ ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል በአንድ ዓይነት መለያ ቁጥር የሚያውቁበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት በነበረ የፊደል ዓይነት መጻፉ ነው፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ የገባ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለው ፋይል የፊደሉ ዓይነት ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ስጠይቃቸው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለውጠውልኛል። ሥራችሁ በማንም ኮምፒውተር ላይ መቅረቱ የሚያሳስባችሁም በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው ያለ ምዝገባ እንደሚጀምር እወቁ፤ ያም ሆኖ ፋይሉን ከኮምፒውተራቸው ሲያጠፉት ቆሞ ማየት አይከፋም።

ቀጥዬ ምን እንደምጽፍ የወሰንኩት ይህንኑ ጥራዝ ሳነብ ነው። ያቀድኩት እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሡ የመጡበትን ዘመን የሚተርክ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ህዳጉን ሳየው ግን የእርሳስ ማስታወሻዬ የበዛው ከአፋር ቆላ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ አልዩ አምባ ገበያ በሚወጣው፣ በሁለት ምዕራፍ ብቻ ብቅ በሚለው ነጋዴ ዙሪያ ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ በእርማት ሊለወጥ ስለሚችል፣ ሁለተኛውን ክፍል አሁን መጀመር ገና ባልረጋ መሠረት ላይ መገንባት ይሆናል። ስለዚህ ረቂቁ ለጊዜው ተቀምጦ፣ የነጋዴውን ሕይወት በአጫጭር ልብ ወለዶች ለመጻፍ ወስኛለሁ፤ እነዚህ ከረቂቁ ፍጻሜ ጋር የሚያያዙበት ነገር ስለሌለ እርማቱን አያግዱትም።

አጫጭሮቹን ራሴ በዩኒኮድ እጽፋቸዋለሁ፤ ለኅትመቱና ለጥረዛው ግን ወደዚያው ቤት እመለሳለሁ። የምትሄዱ ከሆነ፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስረክቡበት የግንቦትና የሰኔ ወረፋ ረጅም ስለሆነ ሌላ ወቅት ምረጡ።