ምን እንዳለበት የማይናገር የሳል ሽሮፕ እንዳትገዙ

ከስታዲየም ወደ ለገሃር በሚወስደው የእግረኛ መንገድ ላይ፣ የታክሲ ሰልፍ በሚረዝምበት ሰዓት፣ ከቦርሳው ቡናማ ብልቃጥ እያወጣ የሚሸጥ ሰው አለ። «የሳል ነው፣ የባህል ነው፣ ለልጅም ለአዋቂም ይሆናል» ይላል። ዋጋው 600 ብር። ከተከራከራችሁት 400 ይገባል። ስቲከሩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል፣ አለቀ። የአምራች ስም፣ የባች ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን፣ አንዱም የለም።

«ወንድሜ፣ ከምንድን ነው የተሠራው?» አልኩት።

«ከሰባት ዓይነት ቅጠል ነው እህቴ። ኬሚካል የሚባል የለበትም። ዛሬ ማታ ስጪው፣ ልጁ አንዴም ሳያስል ነው የሚያድረው።»

«የቅጠሎቹን ስም ንገረኛ።»

«እሱማ የአባቶች ምስጢር ነው።»

ጎረቤታችን ይህንኑ ሽሮፕ ገዝታ ለአራት ዓመት ልጇ ሰጥታዋለች። ልጁ እውነትም ሳያስል አደረ። ጠዋት ግን ቢጠሩት ቢነቀንቁት በቀላሉ አልነቃም። ክሊኒክ ሲያደርሱት ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው «ምን ጠጣ?» ብሎ ነው። ማን ይንገረው? ልጁ አሁን ደህና ነው፣ ተመስገን።

ብልቃጡ ውስጥ ይህ አለ ብዬ አልፈርድም። ግን «በአንድ ሌሊት ጸጥ ያደርጋል» የሚለው ወሬ የቆየ ታሪክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የሚስስ ዊንስሎው ማስታገሻ የሚባል ሽሮፕ ጥርስ ለሚያወጡ ሕፃናት ይሸጥ ነበር። ውስጡ ሞርፊን የሚባል ኃይለኛ የሚያደነዝዝ መድኃኒትና አልኮል ነበረበት። እናቶች ወደዱት፣ ሕፃኑ ዝም ይላላ! ተኝተው በዚያው የቀሩም ነበሩ። የአሜሪካ መንግሥት ሞርፊን፣ ኮኬይንና መሰሎቻቸው ያሉበት መድኃኒት ይህንኑ ስቲከሩ ላይ እንዲጽፍ ያስገደደው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1898፣ ባየር ኩባንያ ሄሮይንን ለሳል ብሎ ገበያ አውጥቶት ነበር።

«ቅጠል ነው» የሚለውም አያጽናናኝም። እ.ኤ.አ. በ1886 የተሠራው የመጀመሪያው ኮካ ኮላ ውስጥ የገባው የኮካ ቅጠል ነው፤ ኮኬይን የሚወጣውም ከዚያው ቅጠል። (ቡናም ያነቃቃል፣ ልክ ነው። ግን ቡና የሚጠጣ ሰው ምን እንደሚጠጣ ያውቃል።)

እኛን በተለይ የሚመለከት ነገር ደግሞ አለ። አንዳንድ የሳል ሽሮፖች ውስጥ የሚገባው ኮዴይን ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይቀየራል። ይህንን የሚቀይረው ኢንዛይም አንዳንድ ሰው ላይ ከልክ በላይ ፈጣን ነው። ኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገ ጥናት 29 በመቶ ያህሉ ኢንዛይሙን የሚያበዛ ተጨማሪ የጂን ቅጂ ይዘው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ለሌላው ደህና የሆነው መጠን ትንፋሹን ሊያዘገይበት ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ያስጠነቀቀውም ትንፋሽን ስለሚያዘገይ ነው። እንግዲህ ምን እንዳለበት ባልታወቀ ብልቃጥ «ሁለት ማንኪያ ስጪው» ሲባል አስቡት።

ደግሞ አደጋው አደንዛዥ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ የሞቱት ከሳልና ከጉንፋን ሽሮፕ ጋር ተያይዞ ነው። ሽሮፖቹ ውስጥ ዳይኤቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ ተገኝቷል። እነዚያ እንኳ የአምራች ስም ነበራቸው።

ስለዚህ ለልጅ ሳል ፋርማሲ ግቡና ባለሙያውን ጠይቁ። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ማር በማንኪያ ጉሮሮ ያለሰልሳል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ግን ማር በፍጹም አይሰጥም።

ቀድማችሁ ሰጥታችሁ ከሆነ ልጁን አስተውሉ። እንቅልፉ ከከበደ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ብልቃጡንም ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ ቢሆንም አትጣሉት፣ ከሥሩ የቀረችው ጠብታ ትመረመራለች። ሻጩን ለመጠቆም የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው። እኔ ደውዬ ቦታውንና ሰዓቱን ነግሬያለሁ። ሌላ ቦታ ያያችሁትም ደውሉ፣ ሰውየው ቦርሳውን አንግቶ ሜክሲኮ ለመሻገር አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም።