የሞያሌ–አዲስ አበባ አውቶቡስ፦ ወንበሩ መልካም፣ የዕቃ አያያዙ አስጊ

ባለፈው ወር ከሞያሌ ወደ አዲስ አበባ የተጓዝኩበት አገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ስሙን ባልጠቅስም፣ በምቾቱ የሚነቀፍ አይደለም። ወንበሩ ሰፊ ነው፤ ሾፌሩም ከቡሌ ሆራ እስከ ዲላ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ በእርጋታ ነድቷል። ቅሬታዬ በዕቃ አጫጫኑ ላይ ነው።

ሞያሌ በድንበር ለሁለት ተከፍላ ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ የሆነች ከተማ በመሆኗ፣ ከዚያ የሚነሣ ተሽከርካሪ ሁሉ በኮንትሮባንድና በሕገወጥ የጦር መሣሪያ ዝውውር መጠርጠሩ አይቀርም። ረዳቱ ግን ሻንጣዎቹን ሲጭን የማን እንደሆኑ አልጠየቀም፤ የቲኬት ቁጥርም አልለጠፈባቸውም፤ ይባስ ብሎ አብሮት የሚሳፈር ሰው የሌለውን አንድ ጆንያ «ሐዋሳ ላይ የሚቀበለው አለ» ስለተባለ ብቻ ጫነው።

ኬላ ላይ ፈታሾቹ ጆንያውን አውርደው ባለቤቱን ሲጠይቁ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ሕፃን ያዘሉ እናቶች ሳይቀሩ ሁላችንም ወርደን ከሁለት ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ቆምን። ሲፈታ ልባሽ ጨርቅ ሆኖ ተገኘ። በጨርቁ መካከል ሽጉጥ ወይም ጥይት ቢገኝ ኖሮ ግን ሾፌሩና ረዳቱ ብቻ ሳይሆኑ እኛም በምርመራ መንገላታታችን አይቀርም ነበር፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማዘዋወርን በወንጀል የሚያስቀጣ ነውና።

ኢትዮጵያና ኬንያ የቀላል መሣሪያ ዝውውርን ለመግታት የናይሮቢውን ፕሮቶኮል የፈረሙት በ1996 ዓ.ም. ነው። ሕገወጥ ነጋዴ በተሽከርካሪ አካል ውስጥ ሻግ (ስውር መደበቂያ) አሠርቶ ሲደብቅ ለፈታሽም ያስቸግራል፤ ባለቤት የሌለውን ጆንያ ለመመለስ ግን እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። በቆላው አገር በውኃ ጉድጓድና በግጦሽ የሚነሣ ጠብ ድሮም ደም ያፋስስ ነበር፤ ክላሽ በገባበት ግን ሽማግሌ እስኪደርስ ድረስ የሚሞተው ይበዛል። ያ ክላሽ ከሚያልፍባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ እኛ ተሳፍረን የመጣንበት ነው።

አዲስ አበባ እንደደረስኩ ቅሬታዬን ለድርጅቱ ቢሮ አቀረብኩ። ቲኬት ቆራጯ በትሕትና ካዳመጠችኝ በኋላ «ጋሼ፣ ሁሉም የሚጭነው እንዲሁ ነው» አለችኝ።