ዶሮ መቀነት የላትም፤ ለሥጋ ቆራጩ ጋሼ ምስጋና

ባለቤቴ ነርስ ናት። በሳምንት ሦስት ቀን የሌሊት ሺፍት ትገባለች። አመሻሽ ላይ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ፣ እኔና ሦስት ልጆቼ ወጥ ቤት ውስጥ እንፋጠጣለን። እኔ ደግሞ "ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል?" በሚባልበት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። እንቁላል መጥበስ የተማርኩት እንኳ ዳላስ ከመጣሁ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ውስጥ፣ አንድ የሜክሲኮ ገበያ የሥጋ ባንኮ ጀርባ ለሚሠሩ ሰው ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ፈቃድ አልጠየቅኋቸውም። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ነጭ ሽርጥ የሚያገለድሙ፣ ደንበኛውን ሁሉ "አሚጎ" የሚሉ ሰው ናቸው። እኔ በሆዴ "ጋሼ" ነው የምላቸው።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ትልቋ ልጄ ትምህርት ቤት የቴክስ-ሜክስ፣ ማለትም የቴክሳስና የሜክሲኮ ድብልቅ የሆነ፣ የዶሮ ሰላጣ በልታ መጣች። "አባዬ፣ እንደሱ ሥራልን" አለች። እኔም ከሱፐርማርኬት የታሸገ ሰላጣና የዶሮ ደረት ገዛሁ፣ ጠበስኩ፣ አቀረብኩ። ደረቱ እንጨት ሆነ። ትንሹ ልጄ አኝኮ አኝኮ በሶፍት ጠቅልሎ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። እኔ ሳላይ መስሎት ነው። ያን ማታ ሁላችንም ሲሪያል በላን።

በማግስቱ ወደዚያ ገበያ ሄድኩ። እንደ ባንክ ቤት ቁጥር ትቆርጣላችሁ፣ ተራችሁን ትጠብቃላችሁ። ተራዬ ሲደርስ፦ "ለፋሂታ የሚሆን የዶሮ ደረት፣ ለሰላጣ" አልኳቸው። ጋሼ ቢላቸውን አስቀምጠው ሳቁ። በእጃቸው ወገባቸውን ዞር አድርገው አሳዩኝ። "ፋሃ" ማለት በስፓኒሽ መቀነት ነው። ፋሂታ ትንሿ መቀነት ናት። ስሙ የወጣው ከበሬው ሆድ በኩል ለሚቆረጠው ረጅምና ቀጭን ሥጋ ነው። ድሮ በደቡብ ቴክሳስ የከብት እርባታዎች፣ ባለቤቶቹ የማይፈልጉትን ይህን ብልት ለላሞቹ እረኞች የሥራቸው ክፍያ አካል አድርገው ይሰጧቸው ነበር። "ዶሮ መቀነት የላትም አሚጎ" አሉኝ።

እኛ ዶሮ 12 ብልት አላት ብለን ነው ያደግነው። መቀነት ግን እውነትም ከ12ቱ ውስጥ የለም።

ሁለታችንም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው የምንግባባው። ቅመሙን ሲነግሩኝ ግን አንዷን ቃል ያለ አስተርጓሚ ሰማኋት። "ኮሚኖ" አሉ። "ከሙን?" አልኩ። ማሰሮውን ከፍተው አስሸተቱኝ፤ ራሱ ነው! ቀጥለው "ሊሞን" አሉ፤ ሎሚ። "አሮስ" አሉ፤ ሩዝ። ከኋላዬ የቆሙት ሴትዮ እስኪያጉረመርሙ ድረስ እንደ ልጅ ቃል ስንለዋወጥ ቆየን።

አሁን ወደ ሥራቸው ልምጣ፤ የማመሰግናቸው ለወሬያቸው ብቻ አይደለም። ደረቱን ትተው ታፋ ሰጡኝ። አጥንቱን አወጡ፤ ወፍራም የሆነውን ቦታ በቢላ ከፍተው ሁሉንም እኩል ውፍረት አደረጉት። ሚስጥሩ ይኼው ነበር። እኩል የሆነ ሥጋ እኩል ይበስላል፤ ታፋ ደግሞ ስብ ስላለው ትንሽ ቢያልፍበትም አይደርቅም። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ሳልጠይቃቸው እንዲሁ ያዘጋጁልኛል።

እኔ ለአምስት ሰው ሁለት ፓውንድ ገደማ የታፋ ሥጋ እወስዳለሁ። የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቺሊ ፓውደር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኦሬጋኖና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጌ አሸዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። አንድ ቀን ጎበዝ ነኝ ብዬ ከሌሊቱ ጀምሮ ዘፈዘፍኩት፤ ሎሚው ሥጋውን ከላይ አመድማ አስመሰለው። ጋሼ በኋላ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ አይሆንም አሉኝ።

ከባዱን የብረት መጥበሻ በደንብ አግሉት። በእያንዳንዱ ጎን አምስት ስድስት ደቂቃ ነው። ሲደርስ በዓይን አትፍረዱ፤ የሥጋ ቴርሞሜትር ርካሽ ነው፣ ግዙ። መሃሉ 165 ፋራናይት፣ በእኛ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞላ ይውጣ። አምስት ደቂቃ አሳርፋችሁ ቁረጡት። በነገራችን ላይ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ይላል፤ የውሃው ፍንጣሪ ባክቴሪያውን ወጥ ቤቱን ሁሉ ያዳርሰዋልና። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ "ሳይታጠብ?" አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ እኔም ከዚያ በላይ አልደፈርኩም።

ዶሮው በሚያርፍበት ሰዓት የተፈለፈለውን በቆሎ በዚያው መጥበሻ ላይ ጠቆር እስኪል ቆላ ታደርጉታላችሁ። የመጥበሻው ቅሪት ቅመም በቆሎው ላይ ይያዛል፤ ለእኔ ከሰላጣው ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው። የቆርቆሮ ጥቁር ቦሎቄ አጥቡ፣ አጥልሉ። የበቆሎ ቶርቲያ (የሜክሲኮ ስስ ቂጣ) በቀጫጭኑ ቆርጣችሁ፣ ዘይት ነካ አድርጋችሁ፣ 375 ፋራናይት ምድጃ ውስጥ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ አቆዩት፤ ይንኮሻኮሻል። ማጣፈጫው ግማሽ ኩባያ ሳወር ክሪም፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠል፣ ግማሽ ሃላፔኞ ቃሪያና ጨው በብሌንደር ነው። ሮሜይን ሰላጣውን ከታጠበ በኋላ በደንብ አድርቁት፤ እርጥብ ከሆነ ማጣፈጫው ወደ ሳህኑ ግርጌ ይወርዳል።

አንድ ነገር ግን፦ ሰላጣውን አትቀላቅሉት! ሁሉንም በየሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩትና ልጆቹ ራሳቸው ያንሱ። ቲማቲም የማይወደው ያልፈዋል፣ አቮካዶ የሚወደው ይከምራል። እኛ ቤት በዚህ ምክንያት ጭቅጭቅ ቀርቷል። የተረፈው ዶሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ስለሚቆይ፣ ሰኞ የሠራሁትን ረቡዕ ልጆቹ ምሳ ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ ባለቤቴ እስክትቆጣ።

ረቡዕና ዓርብ ጾም ነዋ። አሁን በጾም ቀን ዶሮውን፣ አይቡንና ሳወር ክሪሙን እተዋለሁ። ቦሎቄውን በከሙንና በነጭ ሽንኩርት አሞቀዋለሁ፣ ማጣፈጫውን በአቮካዶ እሠራዋለሁ። እንዲያውም የጾሙ ይበልጣል የሚል ሰው ቤታችን ውስጥ አለ። እኔ አይደለሁም።

"ለምን በርበሬ አታደርግበትም?" ትሉኝ ይሆናል። አድርጌዋለሁ። ልጄ ቀመሰችና "ዶሮ ወጥ ሰላጣ ላይ ወደቀ እንዴ?" አለች። እውነቷን ነው። ቺሊ ፓውደር ስሙ እንደሚመስለው ንጹህ ሚጥሚጣ ሳይሆን እንደ በርበሬያችን ድብልቅ ነው፤ ከሙን፣ ኦሬጋኖና ነጭ ሽንኩርት አለበት። የበርበሬው ኮረሪማና የቺሊው ከሙን አንድ ሳህን ላይ አይስማሙም።

ጋሼ የሜክሲኮዋ ከተማ የሞንቴሬይ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ይህ የእናትዎ ምግብ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። "የለም፣ ይሄ የቴክሳስ ነው" አሉ። ከሙኑ እንዲህ መብዛቱ፣ ቢጫው ቼዳር አይብ፣ የቆርቆሮው ቦሎቄ፣ ሁሉም የዚህ ወገን ልማድ ነው። ቴክሳስ እስከ 1836 የሜክሲኮ ግዛት ነበረች፤ ምግቡም እዚያው ድንበር ላይ ተዋልዶ ያደገ ነው። ይህን ሲሉ ንቀት አልነበረባቸውም። እሳቸውም ቤታቸው ይበሉታል።

ለመሄድ ላሰባችሁ ትንሽ ምክር። ቅዳሜ አትሂዱ፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጋሼም በማንም አይጣደፉም። ቸኩላችሁ ከሆነ ያናድዳሉ፤ አልደብቃችሁም። እኔ የምሄደው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ጊዜ ከሌላችሁ በአቺዮቴ ፍሬ ቀይ ያደረጉት የታሸ ዶሮ ባንኮው ላይ አለ፤ እሱን ገዝታችሁ በቀጥታ መጥበሻ ላይ ጣሉት። ጨው ግን አትጨምሩበት፣ ሞልቶበታል። ከዳላስ ራቅ ያላችሁም "ካርኒሴሪያ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት ፈልጉ፤ ሉካንዳ ማለት ነው። አጥንቱ የወጣለት ታፋ ጠይቁ፣ እኩል አድርገው እንዲከፍቱላችሁ በእጃችሁ አሳዩ። የእኔን ጋሼ የምትፈልጉ የምታውቁኝ ሰዎች፣ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጠይቁኝ፤ መንገዱን አሳያችኋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ የሠራሁትን ሰላጣ በዕቃ ይዤላቸው ሄድኩ። ሽርጣቸው ላይ እጃቸውን ጠረጉ፣ ከዶሮው አንዲት ቁራጭ አነሡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩ። ሌላ ቁራጭ አነሡ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው፦

"ኮሚኖ በዝቷል" አሉኝ።

አልበዛም።