ዱባይ ያላችሁ፣ ራስ አል ኾር ሄዳችሁ ይህን ሰው አግኙት

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ራስ አል ኾር የዱር እንስሳት መጠለያ፣ ፍላሚንጎ የሚታይበት ጎጆ ውስጥ ይሠራል። ሳላስፈቅደው ስሙን አልጽፍም፤ ከሄዳችሁ ግን በፀባዩ ትለዩታላችሁ።

እማዬ ከሀገር ቤት ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ሞል ለሞል መዞሩ ቶሎ ሰለቻት። የዝዋይ ልጅ ስለሆነች ውሃና ወፍ ያለበት ብወስዳት ደስ ይላታል ብዬ ወሰድኳት። ቦታው የዱባይ ክሪክ ጫፍ ላይ ያለ ረግረግ ነው። የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ ጭቃው ይገለጥና ወፎቹ ሊለቅሙ ይወርዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ረግረጋማ ቦታዎችን ለመጠበቅ በተደረገው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት ተመዝግቧል። ከማዶ ቡርጅ ኸሊፋ ይታያል፤ ከተማ መሃል እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩ ራሱ ይገርማል።

እማዬን ጉልበቷን ያማታል። ሰውየው ስታነክስ አይቶ ሳንጠይቀው ወንበር አመጣላት። ቴሌስኮፑን በቁመቷ ልክ ዝቅ አደረገላት። እሷ እንግሊዝኛ አትችል፣ እሱ አማርኛ አይችል። ግን ተግባቡ! አንገቱን ደፍቶ፣ መዳፉን ገልብጦ፣ ፍላሚንጎ ምንቃሩን ዘቅዝቆ ምግቡን ከውሃው እንዴት እንደሚያጣራ አሳያት። ወለሉንም ረገጥ ረገጥ አደረገ። ለካ ጭቃውን በእግራቸው እያደፈረሱ ነው የሚበሉት።

ከመንጋው መሃል ግራጫ የሆኑ ነበሩ። «እነዚህስ አሟቸው ነው?» አለችኝ፤ ጠየቅኩላት። ገና ልጆች ናቸው አለን። ሮዝ ቀለሙ ከሚበሉት ነገር ነው የሚመጣው፣ እያደጉ ሲሄዱ ይቀላሉ። «አብያታ ላይ ስንቴ አይቻቸዋለሁ፣ ይሄን የነገረኝ ግን የለም» አለች እማዬ። ሌላ ጎብኚ ሲመጣም ያው ነው፤ ሁሉንም በእኩል ትዕግሥት ያስተናግዳል። ስንወጣ «እደግ ልጄ፣ እናትህን ያቆይልህ» ብላ መረቀችው። ተረጎምኩለት፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ መግቢያው ነፃ ነው። ፍላሚንጎ በብዛት የሚታየው ክረምታቸው ላይ ነው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ። የሚከፈትበት ሰዓት እንደ ወቅቱ ስለሚቀያየር አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሜትሮ በሩ ድረስ አያደርስም፣ ታክሲ ያዙ። ጎጆው ውስጥ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ልጆችንም ምከሩ።

ቦታውን የሚያስተዳድረው የዱባይ ማዘጋጃ ቤት ነው። እኔ ስለ ሰውየው የምስጋና መልእክት ልኬላቸዋለሁ። እናንተም ካገኛችሁት ሁለት መስመር ጻፉለት፣ አለቆቹ ይወቁለት።