ደሴ ላይ ጂ ፕላስ ዋን ልትሰሩ ካሰባችሁ ይቺን አርክቴክት አናግሯት

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ቢሮ ያላት አንዲት ወጣት አርክቴክት የቤተሰባችንን ጂ ፕላስ ዋን ዲዛይን ሰርታ አስረክባናለች። ኮሚሽን የለኝም፣ ዘመዴም አይደለችም። ስራዋ ስላስደሰተን ብቻ ነው የምጽፈው።

ወደ እሷ ስንሄድ ወንድሜ ከቴሌግራም ያወረደውን ፕላን ይዘን ነበር። ለማየት ያምራል። እሷ ግን መጀመሪያ የቆጠረችው ደረጃውን ነው። ከወለል ወለል 3.06 ሜትር ሆኖ የተሳለው 12 ደረጃ ብቻ ነበር፣ አንዱ ከ25 ሳንቲም በላይ ከፍታ አለው ማለት ነው። ወደ 18 አመጣችው፣ አንዱ 17 ሳንቲም፣ መሀል ላይ ማረፊያ ያለው። በዚህ ምክንያት ሳሎኑ ትንሽ ጠበበ፣ ወንድሜም አኮረፈ። ያኩርፍ፣ ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ናት።

ከሁሉም የወደድኩት እናቴን ያስተናገደችበትን መንገድ ነው። ላፕቶፑን ወደ እናቴ አዞረችና "እማማ፣ ቡና የሚፈላው የት ነው?" ብላ ጀመረች። ስለ መኝታ ክፍል ብዛት የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ወሎ ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ፣ ዱዓውም ጨዋታውም እዚያው እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ረከቦቱ ጥግ ተገፍቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ለዚህ ለመጀመሪያው ንድፍ የምትጠቀመው ስዊት ሆም ስሪዲን ነው። በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። ግድግዳ ሲጎተት ፕላኑም ስሪዲውም (የቤቱ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል) አብሮ ይቀየራል፣ ደግሞ በሰው ቁመት ልክ ቤቱ ውስጥ እየዞራችሁ ማየት ትችላላችሁ። እናቴ ፕላን ማንበብ አትችልም። ሳሎኑ ውስጥ "ስትገባ" ግን ወዲያው "ኧረ በሞቴ! እንግዳው የሽንት ቤት በር እያየ ነው ቡና የሚጠጣው?" አለች። እውነቷን ነው፣ ማናችንም አላየነውም ነበር። በሩ እዚያው ዞረ። ቤት ሄደን እንድንነካካው ፋይሉን ወንድሜ ላፕቶፕ ላይ ጫነችለት፣ ኩርፊያውም በዚያ አለፈ።

ሶፍትዌሩ ላይ ቦታውን ደሴ አድርጋ፣ የሰሜን አቅጣጫውን አስተካክላ፣ የታህሳስ ጠዋት ፀሐይ የት እንደምትገባ አሳየችን። በዚያ ወር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታደላ የእናቴን መኝታ ቤት ምድር ቤት ላይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል አደረገችው። ከሰዓት በኋላውን ግን "ኮምፒውተሩን አትመኑት፣ ጦሳን አያውቀውም" አለችን። ሳቅን፣ ግን ልክ ናት፤ ፀሐይዋ ተራራው ጀርባ ቶሎ ነው የምትገባው። ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይን ሳያስቡ መስኮት ማውጣት ምን እንደሚያመጣ ደሴ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ላይ ብትሰሩ ሒሳቡ ሌላ ነው፣ እዚያ ይሞቃል፣ ጥላ ትፈልጋላችሁ።

ጣሪያው ላይ ተከራከርን። እኔ ቆርቆሮው እንዳይታይ ዙሪያውን በፓራፔት፣ ማለትም ከጣሪያው ጠርዝ ከፍ ባለ ግንብ፣ እንዲሸፈን ፈልጌ ነበር። እሷ ደግሞ ውሃው ከግንቡ ጀርባ ባለ አሸንዳ ስለሚወርድ፣ አሸንዳው በቅጠል ወይ በበረዶ ሲደፈን ውሃው ወደ ቤት እንደሚመለስ እየሳለች አስረዳችኝ። የደሴን ክረምት እያሰብኩ እሺ አልኩ፣ ቆርቆሮው በደንብ ተዳፍቶ ወጣ ያለ ክፈፍ ተደረገለት። ላዩ ላይ ያለው መታጠቢያ ቤት ደግሞ በቀጥታ ከታችኛው በላይ ነው፣ ቧንቧው በአንድ መስመር ይወርዳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስሪዲ ስላያችሁ ዲዛይን አለቀ ማለት አይደለም። ለፈቃድ የሚገባው ፕላን በአውቶካድ (የስዕል ሶፍትዌር ነው) ተሰርቶ የስትራክቸር (የብረትና የኮንክሪቱ)፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ (የውሃና የፍሳሽ) ስዕል አብሮት ይቀርባል። የስትራክቸሩን እሷ አትነካም፣ ፈቃድ ላለው መሐንዲስ ነው የምትሰጠው። እኛም ዘንድ መሐንዲሱ በረንዳው በጣም ወጣ ማለቱን አልወደደውም፣ አሳጠረው፤ ቁልቁለቱ ላይም የድጋፍ ግንብና የውሃ መውረጃ ጨመረ። "ይሄ ሁሉ ብረት ለአንድ ፎቅ?" ላለው አጎቴ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የደረሰውን፣ የማጀቴን ከተማ ያፈራረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ አስታወሰው። አጎቴ ዝም አለ።

ጉድለቷንም ልንገራችሁ፣ ፈጣን አይደለችም። "ነገ" ስትል ነገ ላይሆን ይችላል። ዋጋዋም ፕላን ኮፒ አድርገው ከሚሸጡት ይወደዳል። የሚያብረቀርቅ ፎቶ፣ ዘንባባና መዋኛ ገንዳ (ደሴ ላይ!) ለሚፈልግም ሌላ ሰው ይሻለዋል።

እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽው በመላው ቤተሰብ ስም እናመሰግናለን። እናቴ ቡና እንዳትቀሪ ብላለች፣ አብሽሪ፣ ቤቱ እስኪያልቅ አንጠብቅም።

ስሟንና ስልኳን እዚህ መለጠፍ ስላልፈለገች ኢንቦክስ ግቡ፣ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የቦታችሁን ካርታ ያዙ፣ ቦታውን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ፣ ከተቻለም ቤቱ ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚውለውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።