«ሙሉ በሙሉ በተግባር» ለሚባል የፓልፔሽን ስልጠና ከመክፈላችሁ በፊት

ማሳጅ የምትሠሩ፣ ፊዚዮቴራፒ የምትማሩ፣ በአጠቃላይ በእጃችሁ ሰው ዳስሳችሁ የምትተዳደሩ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። «ሙሉ በሙሉ በተግባር የሚሰጥ የለስላሳ ቲሹ ፓልፔሽን ስልጠና» የሚል ማስታወቂያ ሳታዩ አልቀራችሁም፤ ጡንቻንና የመሳሰለውን በእጅ ዳስሶ የመለየት ስልጠና ማለት ነው። እኔ ከፍዬ ገብቼበታለሁ። ገንዘቡን አያወጣም። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ አንዱን ብጠራ በዚያው ዘዴ የሚሸጡት ሌሎቹ ንጹሕ ሊመስሉ ነው።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ ሰልጣኝና አንድ አልጋ ያሳያል። አዳራሹ ውስጥ ግን አልጋው ጥቂት፣ ወንበሩ ብዙ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ስላይድ ነበር። ጡንቻው ከየት ተነስቶ የት ያርፋል፣ የትኛው ነርቭ ያዘዋል፣ ይህን የመሰለ። ማንኛውም የአናቶሚ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው። ከምሳ በኋላ አሠልጣኙ መድረኩ ላይ አንዱን አስተኝቶ አሳየን። ከኋላ ላለነው የታየን የአሠልጣኙ ጀርባ ነው። ከዚያ «በሉ እናንተ ሞክሩት» ተባለ። እሱም በአልጋዎቹ መሀል «ጎበዝ፣ በርቱ» እያለ ሲመላለስ ዋለ። በቃ፣ ስልጠናው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፒሪፎርሚስን እየፈለግን ነበር፤ በመቀመጫ ውስጥ ጠልቆ ያለውን ጡንቻ ማለት ነው። አጣማሪዬ የሆነ ቦታ ጫን አድርጎ «ይሄ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አሠልጣኙ ከቆመበት ሆኖ «አዎ፣ እሱ ነው» አለ። ከጎናችን ያሉት ደግሞ ከእኛ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብለው ይዘዋል። ለእነሱም «አዎ፣ እሱ ነው»። እጁን አላሳረፈም፣ ጎንበስ ብሎም አላየም። «በምን አውቃለሁ ታዲያ?» ብዬ ስጠይቀው «ልምድ ስታገኚ እጅሽ ራሱ ይነግርሻል» አለኝ።

እጅ እንዲህ በቀላሉ አይናገርም። የሚረጋገጥበት መንገድ ስላለ ግን ነው የተናደድኩት። ሰውየው በሆዱ ይተኛል፤ ጉልበቱን ወደ ላይ ያጥፋል። እናንተ በሳክረም (በወገብ ሥር ባለው ሦስት ማዕዘን አጥንት) እና የጭን አጥንት በውጭ በኩል ጎልቶ በሚወጣበት ጉብታ መካከል ጣታችሁን ታሳርፋላችሁ። በሌላው እጃችሁ ቁርጭምጭሚቱን ከውስጥ በኩል ይዛችሁ፣ እግሩን ወደ ሌላኛው እግሩ አቅጣጫ ቀስ ብሎ እንዲገፋ ትነግሩታላችሁ። ትክክለኛው ቦታ ላይ ከሆናችሁ ከጣታችሁ ሥር የሆነ ነገር ጠንከር ይላል። ሲያርፍ ይላላል። በኃይል ከገፋ ግን ከላይ ያለው ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ አብሮ ስለሚደነድን ምንም አትለዩም። ይህን ለማሳየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አንድ አልጋ ጋ ሁለት ደቂቃ። የከፈልኩት ለዚያች ሁለት ደቂቃ ነበር።

«ምን ችግር አለው፣ ሥራ ላይ ትለምዱታላችሁ» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ የትሪገር ፖይንት (ጡንቻ ውስጥ ሲነኩት የሚያም የጠነከረ ነጥብ) ጥናት አለ። መርማሪዎቹ ለሥራው አዲስ አልነበሩም፤ የታወቁ ባለሙያዎች ናቸው። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ዙር ያንኑ ሰው እየዳሰሱ ሊስማሙ አልቻሉም። ከሁለተኛው ዙር በፊት ለሦስት ሰዓት ያህል አብረው ተለማመዱ። ምን እንደሚፈልጉና እንዴት እንደሚዳስሱ ተነጋገሩ፣ እጅ ለእጅ ተስተካከሉ። ከዚያ በኋላ ስምምነታቸው ተሻሻለ። እንግዲህ የዓመታት ልምድ ብቻውን ያላመጣውን፣ ጥቂት ሰዓት እርስ በርስ መተራረም አመጣው ማለት ነው። ስልጠና መግዛት ካለብን መግዛት ያለብን ይህንን ነው። በእናንተ እጅ ላይ እጁን አሳርፎ «ትንሽ ወደ ውስጥ፣ አሁን ጫናውን ቀንሺ» የሚል ሰው ከሌለ፣ ስላይዱ ምንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም።

ስለ ጫና ካነሳሁ አይቀር፣ እሱም ሊለካ የሚችል ነገር ነው። ለፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን ለረጅም ጊዜ የሚያም ሕመም) እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምርመራ መስፈርት 18 ነጥቦችን በ4 ኪሎ ግራም ያህል ጫና መጫንን ይጠይቅ ነበር። በ2010 በወጣው መስፈርት የነጥቦቹ ቆጠራ ቀርቷል። ግን 4 ኪሎ በጣት ሲጫን ምን እንደሚመስል ማወቅ አሁንም ይጠቅማል። አውራ ጣትን ሚዛን ላይ አድርጎ መጫን ነው፤ ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። እኛ ጋ ግን «መካከለኛ ጫና» ተባልን፤ መካከለኛው ስንት እንደሆነ የነገረን የለም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ የደኅንነቱ ጉዳይ ነው። እርስ በርስ ልንዳሰስ ነው የገባነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ አለ? ነፍሰ ጡር አለች? ቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አለ? የጠየቀን የለም። መጋረጃም አልነበረም። ሰው ፊት ልብስ ማውለቅ የማይፈልግ ዳር ቆሞ ተመልካች ሆነ፤ የከፈለው ግን እኩል ነው። የአንገት ጎን ጡንቻዎች ላይ ስንደርስ አንዷ ልጅ «እጄን ነዘረኝ» አለች። «ጥሩ ምልክት ነው፣ ነጥቡን አግኝተሽዋል ማለት ነው» ተባለ። ምኑ ነው ጥሩ? ስካሊን በሚባሉት የአንገት ጎን ጡንቻዎች፣ በፊተኛውና በመካከለኛው መሀል ወደ ክንድ የሚወርዱ ነርቮች ያልፋሉ። እጅ ሲነዝር ነርቭ ላይ ነን ማለት ነው፤ ጣት ይነሳል። የአንገት ትልልቅ ደም ቅዳዎችም እዚያው ሰፈር ናቸው፤ ሁለቱን ጎን ባንዴ መጫን ሰውን ራሱን እስከ ማሳት ይደርሳል። ብሽሽት፣ ብብት፣ የጉልበት ጀርባ የመሳሰሉ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ቦታዎችም በዝምታ ታለፉ። አንድ እግሩ ብቻ ባቱ ላይ አብጦ፣ ሞቆና እያመመው የመጣን ሰው ሳያሹ ወደ ሐኪም መላክ እንዳለብን እንኳ አልተነሳም። ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና። የለስላሳ ቲሹ ስልጠና ይህን ካላስተማረ ምን ሊያስተምር ነው?

ስለ ፋሺያ፣ ጡንቻን ስለሚሸፍነው ተያያዥ ቲሹ፣ የተወራውንማ ተዉት። «በጣታችሁ ሥር ሲቀልጥ ይሰማችኋል» ሲባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ የሒሳብ ሞዴል፣ የጭኑን የውጭ ፋሺያና የውስጥ እግሩን (የመርገጫውን) ፋሺያ 1 በመቶ እንኳ ለመጭመቅ በሕክምና ጊዜ እጅ ከሚያሳርፈው እጅግ የበለጠ ኃይል እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ታካሚው ሊቀለው ይችላል፣ እሱን አልክድም። ቀለጠ ማለት ግን ሌላ ነው።

ሰርተፊኬቱ ከጠዋት ጀምሮ ስማችን ተጽፎበት ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ነበር። ከምሳ በኋላ ያልተመለሰው ሰው የእሱን በጓደኛው በኩል ወሰደ። ፈተና የለም፣ እጃችንን ያየ የለም። «ዓለም አቀፍ እውቅና» የሚለውን ከሰማችሁ፣ ፈቃዳችሁን የሚሰጠው አካል ለሙያ ማሻሻያ ይቆጥረው እንደሆነ ራሳችሁ ጠይቁ። አዘጋጁን አትጠይቁ፤ «አዎ» ነው የሚላችሁ። ደግሞ ከበድ ያለ ጥያቄ ያነሳን ሁሉ የተሰጠን መልስ «እሱን ደረጃ ሁለት ላይ ታገኙታላችሁ» የሚል ነበር። ደረጃ ሦስትም አለ ተብሏል።

ይህ ሁሉ ሲባል ደህና ስልጠና የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ በጥያቄ ይለያል። ለአንድ አሠልጣኝ ስንት ሰልጣኝ ነው? ከጠቅላላው ሰዓት ስንቱ አልጋ ላይ ነው? አሠልጣኙ በእኔ ሰውነት ላይ ዳስሶ ጫናውን ያሳየኛል ወይ? አጣማሪ ይቀያየራል ወይ? (ቀጭን ሰው ላይ ብቻ ተለማምዶ የወጣ ደልደል ያለ ታካሚ ሲገጥመው ይጠፋበታል።) መጨረሻ ላይ እጄን የሚፈትን አለ ወይ? ካልተስማማኝ ገንዘቤ ይመለሳል ወይ? በጽሑፍ ጠይቁ፣ በጽሑፍ ይመልሱላችሁ። ስልክ ላይ የተባለ ነገር በኋላ ላይ ይካዳል። ከመመዝገባችሁ በፊት የጤና ቅጽ የሚያስሞላና ጥፍራችሁን ቆርጣችሁ እንድትመጡ የሚነግር አዘጋጅ ካገኛችሁ፣ ሥራውን የሚያውቅ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

እስከዚያው በነጻ የሚሠራ አለ። የፀጉር ዘለላ ከወረቀት ሥር አድርጉና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣት ፈልጉት። ሲገኝ አንድ ወረቀት ጨምሩ፣ ከዚያ ሌላ። ከሥራ ባልደረባ ጋር ደግሞ አንድ ሰው አስተኝታችሁ የትከሻ ሳንቃውን የውስጥ ጠርዝ በየተራ አግኙ። አንዱ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግ፣ ይሸፈን፣ ሌላው ሳያይ ይፈልግ። ልዩነታችሁ ስንት ጣት እንደሆነ ስታዩ ትገረማላችሁ። ይህች ልምምድ እዚያ አዳራሽ ከዋልኩት ቀን ሁሉ በልጣብኛለች።

የከፈላችሁ ካላችሁ ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጉ፣ ደረሰኙን አትጣሉ፣ ቃል የተገባውንና የተሰጣችሁን ጎን ለጎን ጽፋችሁ ላኩላቸው። እኔ እንደዚያ አድርጌያለሁ። «ገንዘብ አይመለስም» የሚለው በቅጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል እንዳለ ጠቅሰው መለሱልኝ። በምትኩ ለደረጃ ሁለት ቅናሽ ሰጥተውኛል።